የሌላ ሰው እጅ ያረፈበት ሞተር ሳይክል

አንድ ወዳጄ ከመሸ ደወለና ስልኬ ላይ ስድስት ፎቶ ላከልኝ። ለንደን ውስጥ ለረጅም ዓመታት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሞተር ሳይክል የሚወድ ሰው ነው። ፎቶው ላይ ያለው የ1986 ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር 750 ነበር፤ ሻሲውና ሰልባትዮው እንኳ የጥንቱ ናቸው። የቀረው ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ሞተሩ ከታላቅ ወንድሙ ከ1100 ተነቅሎ የገባ፣ የፊት ሹካውና ቸርኬዎቹ ከአዲስ ዘመን ሞተር ሳይክል የተወሰዱ፣ ማርሚታው ቲታኒየም፤ የፕላስቲክ ሽፋኑም ወልቆ መሪው ከፍ ተደርጓል። ሻጩ የለወጡትን ሁሉ በዝርዝር ጽፈው የዕቃዎቹን ዋጋ ከግርጌ ደምረውታል። የሚጠይቁት ከድምሩ ግማሽ በታች ነው።

"ርካሽ ነው አይደል? ልግዛው?" አለኝ።

እንዲህ ያለ ዝርዝር ሰውዬው ምን እንደገዙ ይናገራል፤ የገዙትን እንዴት እንደገጠሙት ግን አንድም ቃል አይናገርም። በብዙ የተለወጠ አሮጌ የስፖርት ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው፣ ከብረቱ ጋር የገጣጣሚውን እጅ፣ ትዕግሥትና ፍርድ አብሮ ይገዛል። እጁ የሠለጠነ ከሆነ ከፋብሪካ ከወጣው የተሻለ ማሽን ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ውድ ዕቃ የተከመረበት አደጋ ነው፤ አደጋውም በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ እስኪደርስ ድረስ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ለወዳጄ አዎም እምቢም ሳልል "ቅዳሜ ሄደን እንየው፤ ግን ደውለህ ሞተሩን ቀድመው እንዳያሞቁት ንገራቸው" አልኩት።

በአማርኛ ሙሉውን ተሽከርካሪም፣ ውስጡ ያለውን ሞተርም "ሞተር" ብለን ስለምንጠራ እንዳንደናገር፣ ከዚህ በኋላ "ሞተር" ስል ነዳጅ የሚያቃጥለውን ክፍል ብቻ ማለቴ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተለወጠን ነገር ለመገመት ከመለወጡ በፊት ምን እንደነበረ ማወቅ ግድ ይላል። ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር 750ን በ1984 ጀርመን ኮሎኝ ላይ በተካሄደው ትርኢት አሳይቶ በ1985 ለገበያ አወጣው። በኤትሱዎ ዮኮኡቺ የተመራው የመሐንዲሶች ቡድን የተነሣው ከአንድ ሐሳብ ነበር፦ ክብደትን መቀነስ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው የመንገድ ሞተር ሳይክል ሻሲው ብረት ነበር፤ የዚህኛው አሉሚኒየም ሆነ። ፋብሪካው ነዳጅና ዘይት ሳይጨመርበት 176 ኪሎ ይመዝናል ብሎ ሲያስታውቅ ብዙዎች ለማመን ተቸግረው ነበር። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ውሃና ራዲያተር ቀርቶ፣ ዘይቱ ራሱ በብዛት ወደ ሲሊንደሩ ራስና ወደ ፒስተኖቹ ሆድ እየተረጨ ሙቀቱን እንዲወስድ ተደረገ። በዚያው በ1985 በፈረንሳይ ለማን በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። የውድድር ሜዳ ሞተር ሳይክል መብራትና ታርጋ ተደርጎለት ለተራ ሰው የተሸጠ ያህል ነበር። ከ1985 እስከ 1987 የተሠሩትን፣ ጎናቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ እንግሊዞች "ስላብሳይድ" ይሏቸዋል።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ። በ1985ቱ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት የመንቀጥቀጥ ነገር ስለታየ፣ ሱዙኪ በ1986 የኋላውን ጎማ የሚይዘውን ክንድ በ25 ሚሊ ሜትር አስረዘመው። ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ግን ፋብሪካው ለዚህች ስፋት ብሎ አዲስ ክንድ ሠራ።

ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር ለምን ሰዎች ቆራርጠው ለወጡት? ዋናው ምክንያት አደጋ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ እንግሊዝ አገር የእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ዋጋ ወርዶ በወጣቶች እጅ ገቡ፤ ወጣቶቹም ወደቁባቸው። የተሰበረውን የፕላስቲክ ሽፋን በአዲስ መተካት የሞተር ሳይክሉን ያህል ዋጋ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ስለዚህ ሽፋኑን ጥለው ክብ መብራትና ከፍ ያለ መሪ እየገጠሙ ነዱት። ከችግር የተወለደው መልክ ውሎ አድሮ ፋሽን ሆነ፤ "ስትሪትፋይተር" ተባለ። ሁለተኛው ምክንያት ሞተሮቹ ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። የ1986ቱ ጂኤስኤክስ-አር 1100 ባለ 1052 ሲሲ፣ የ1989ኙ ባለ 1127 ሲሲ፣ እስከ 2006 ድረስ የቆየው ባንዲት 1200 ደግሞ ባለ 1157 ሲሲ ሲሆን፣ ሁሉም በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዝ የአንድ ቤተሰብ ሞተር ናቸው። ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው መግጠም ለጎበዝ መካኒክ ከባድ አይደለም። ጥንካሬያቸውም የታወቀ ነው፤ የቀጥታ መስመር ውድድር የሚወዱ ሰዎች ዛሬም ተርቦ እየገጠሙባቸው ይጋልቧቸዋል።

ውጤቱ ግን ለዛሬ ገዢ ትልቅ ትርጉም አለው። ብዙዎቹ ስለወደቁ፣ ስለተወዳደሩና ስለተለወጡ፣ እንደ ፋብሪካው የቆየ ስላብሳይድ አሁን ብርቅ ነው። ብርቅ ሲሆን ሰብሳቢው ዋጋ የሚከፍለው ላልተነካው ነው። በጥቅሉ፣ የዛሬ ገበያ ለውጥን አይከፍልበትም፤ እንዲያውም ይቀንስበታል። ከዚህ ወጣ የሚሉ አሉ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የትራያምፍን ሞተር በኖርተን "ፌዘርቤድ" ሻሲ ላይ አጋብተው የሠሯቸው ትራይተኖች የራሳቸው ታሪክ ያላቸው ክላሲኮች ሆነዋል። የሪክማን ወንድማማቾች፣ የስዊዘርላንዱ ፍሪትዝ ኤግሊ፣ የእንግሊዞቹ ሃሪስና ስፖንደን የሠሯቸው ሻሲዎችም ስማቸው ብቻ ዋጋ ያወጣል። እነዚህን ከሌላው የለያቸው የሠራቸው እጅ መታወቁ ነው። የወዳጄ ሱዙኪ ግን የአንድ ሰው የጓሮ ጋራዥ ሥራ ነው፤ እጁን በዓይናችንና በጥያቄ ካላወቅነው የሚነግረን ስም የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ደረስን። ሻጩ ጡረታ የወጡ የቶርኖ ባለሙያ ናቸው። ጓንቴን አውልቄ መጀመሪያ ያደረግሁት መዳፌን ሞተሩ ላይ ማሳረፍ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው። እንደለመንናቸው አላሞቁትም። ቀድሞ የሞቀ ሞተር ጠዋት ለመነሣት ማስቸገሩን፣ ሲነሣ ማጨሱን፣ ዘይት ሳይደርሰው መንኳኳቱን ይደብቃል።

ከዚያ ዓይናችንን ከሚያብረቀርቀው ነገር አንሥተን ወደ ብሎኖቹ ዞርን። የሰው እጅ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ጭንቅላቱ የተላጠ ብሎን በስህተት ቁልፍ የተጎረጎረ ነው። ዳዶው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ያህል ወጣ ብሎ የሚታይ ብሎን ርዝመቱ ተለክቶ የተገዛ ነው፤ ዳዶው ውስጥ ጠልቆ የቀረ ወይም እንደ ቀንድ ወጥቶ የቆመ ግን "ያገኘሁትን ነው የከተትኩት" ይላል። ክፍተት የተሞላው በተደራረበ ሮንዴላ ከሆነ እጠነቀቃለሁ፤ በልኩ በተጠረበ አንድ ቁራጭ ብረት ከሆነ ልቤ ያርፋል። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙሩትና ሽቦዎቹንና የፍሬን ቱቦዎቹን ተመልከቱ፤ የሚወጠር፣ የሚቆነጠጥ ወይም ሰልባትዮውን የሚፍቅ አለ? መሪ ከፍ ሲደረግ የድሮው ሽቦና ቱቦ ያጥራል፤ ይህን ያላሰበ ሰው ሌላም ያላሰበው ብዙ ነገር ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ብዙ ገዢዎች ሳያዩት የሚያልፉት ይህንን ነውና። የፊት ሹካና ቸርኬ ሲለወጥ የሞተር ሳይክሉ አቋም ይለወጣል።

የሱፐርማርኬት ጋሪ የፊት ጎማ ስትገፉት ዞሮ ከኋላ የሚከተለው፣ ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ከሚዞርበት ዘንግ ኋላ ስለሆነ ነው። ሞተር ሳይክልም ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። የመሪውን ዘንግ በሐሳብ እስከ መሬት ብታስረዝሙት የሚያርፍበት ነጥብ ጎማው ከሚረግጥበት ይቀድማል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ባለሙያዎቹ "ትሬል" ይሉታል። በስላብሳይዱ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሲበዛ መሪው ይከብዳል፤ ሲያንስ መሪው ቀሎ ለመታጠፍ ይፈጥናል፣ ነገር ግን ጉድጓድ ሲመታ ወይም ነዳጅ ሲሰጠው መሪው ግራና ቀኝ መማታት ሊጀምር ይችላል።

ስላብሳይዱ ከፋብሪካ የወጣው ከፊትም ከኋላም በ18 ኢንች ቸርኬ ነው። ለዚህ መጠን ዘመናዊ የስፖርት ጎማ ምርጫ ጠባብ ስለሆነ ሰዎች በ17 ኢንች ይለውጡታል፤ ሱዙኪም ራሱ በ1988 ወደ 17 ዞሯል። ምክንያቱ ጥሩ ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራው። የፊቱ የድሮ ጎማ 110/80-18 ሲሆን ከዳር እስከ ዳር 633 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በቦታው የሚገባው 120/70-17 ደግሞ 600 ያህል። ግማሹን ስንወስድ የፊቱ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የኋላው 140/70-18 በ180/55-17 ሲተካ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የጎማው ቁመት ስለቀነሰ ብቻ ትሬሉ በ8 ሚሊ ሜትር ገደማ ያንሳል። የዘመናዊ ስፖርት ሞተር ሳይክል ሹካ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከድሮው ያጥራል። 25 ሚሊ ሜትር ቢያጥር የመሪው ዘንግ በአንድ ዲግሪ ያህል ቀጥ ይልና ከትሬሉ ሌላ 6 ሚሊ ሜትር ይበላል። ከ100 ላይ 14 ሄደ ማለት ነው። ፋብሪካው ለ25 ሚሊ ሜትር የኋላ ክንድ ምን ያህል እንደተጨነቀ አስታውሱ።

ይህ ማለት ለውጡ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሹካውን ከመሪው ጋር የሚያያይዙት ሳህኖች በዘመናዊዎቹ ላይ ሹካውን ወደ ዘንጉ ቀረብ አድርገው ስለሚይዙት የጠፋውን ትሬል ሊመልሱ ይችላሉ። የኋላውን አሞርዛተር በማስተካከልም ከፍታውን ማመጣጠን ይቻላል። ዋናው ነገር የሠራው ሰው ይህን ማወቁ ነው። ስለዚህ ለማንኛውም ሻጭ የሚቀርበው ከሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ አጭር ነው፦ "ሹካውን ከለወጡ በኋላ ትሬሉ ስንት ሆነ?" ቁጥር የሚመልስ ሰው ለክቷል። "ደህና ነው የሚሄደው" የሚል ሰው ሞክሯል እንጂ አልለካም። ወዳጄ ይህን ሲጠይቃቸው ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ወደ መሳቢያ ሄደው ዘይት የነካው ደብተር አወጡ። በእርሳስ የተሳለ ሥዕል፣ ከጎኑ ቁጥሮች፤ መጀመሪያ የገዟቸው ሳህኖች ስላልተስማሟቸው ሌላ ራሳቸው ጠርበው እንደሠሩ ጭምር ተጽፏል። ከዝርዝሩ ሁሉ ይልቅ ያ ደብተር ዋጋ ነበረው።

ከጎማው ጋር የሚሄዱ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ሰፊ የኋላ ጎማ ሲገባ ሰንሰለቱ ጎማውን ወይም ሻሲውን እንዳይነካ የፊቱና የኋላው ጥርስ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ከኋላ ቆማችሁ በአንድ ዓይን ተመልከቱ፣ ሰንሰለቱ እንደ ክር ቀጥ ማለት አለበት። የፍጥነት መለኪያው ከፊት ጎማ የሚነዳ ሆኖ ከቀረ፣ ጎማው ስላነሰ ከእውነተኛው ፍጥነት 5 ከመቶ ያህል ጨምሮ ያሳያል። ፍሬኑ ላይም እጅጉን አተኩሩ። ዲስኩን የሚነክሰው ካሊፐርና ከመሪው ላይ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ መጠናቸው መጣጣም አለበት። ፓምፑ ትንሽ፣ ካሊፐሩ ትልቅ ከሆነ እጀታው ለስላሳ ሆኖ እስከ መሪው ይጠልቃል፤ ተቃራኒው ከሆነ እንደ ድንጋይ ይደርቅና ለመቆም ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። የኛው እጀታ ጠለቅ አለ። ሽማግሌው ካሊፐሩን ሲለውጡ ፓምፑን የድሮውን ትተውታል። "እለምደዋለሁ ብዬ ተውኩት" አሉ። ሰው የራሱን ጉድለት ይለምዳል፤ አዲስ ገዢ ግን መልመድ የለበትም።

ስለ ሻሲው በአጭሩ፦ የተቆረጠ ወይም የተበየደ አሉሚኒየም ካያችሁ ቆም በሉ። አሉሚኒየም ሲበየድ ሙቀት የነካው ዙሪያ ጥንካሬውን ያጣል፤ ብየዳው ራሱ ያማረ ቢሆን እንኳ ከጎኑ ያለው ሊሰነጠቅ ይችላል። በተለይ የመሪው አንገትና የኋላ ክንዱ የሚያያዝበት አካባቢ። በቅርቡ ወፍራም ቀለም የተቀባ ሻሲ ለምን እንደተቀባ ይጠየቅ። እኔ በመሪው አንገት ላይ ማን እንደበየደው የማይታወቅ ብየዳ ያለበትን በነፃ ቢሰጡኝም አልነዳውም። የጅራቱ ክፍል ብቻ ተቆርጦ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ እሱ የሚሸከመው መቀመጫውን ነው።

ሞተሩ ባለ 1127 ሲሲ ነው፤ ከዋናው 750 በሠላሳ ፈረስ ጉልበት በላይ ይበልጣል። ሻሲው ይሸከመዋል፤ ብዙ ሰው አድርጎታል። እኔ የምፈራው ሞተሩን ሳይሆን የሚመግቡትን ካርቡራተሮች ነው። ፋብሪካው ካርቡራተሮቹን ያስተካከለው በሣጥን ውስጥ ካለ ፊልትሮና ከዋናው ማርሚታ ጋር ነው። ሣጥኑ ተጥሎ በእያንዳንዱ አፍ ላይ ትንሽ ክብ ፊልትሮ ሲገጠም፣ ክፍት ማርሚታም ሲጨመር አየሩ ይበዛል፤ ነዳጁን የሚያሳልፉት ቀዳዳዎች ካልሰፉ ነዳጁ ይሳሳል። የሳሳ ነዳጅ ሞተሩን ያግለዋል፤ በዘይትና በአየር ብቻ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምልክቱን ለማየት ካንዴላዎቹን አስፈቱ። ቡናማ ጥሩ ነው፤ እንደ ኖራ የነጣ የነዳጅ መሳሳት፣ ጥላሸት የለበሰ የነዳጅ መብዛት ነው። አራቱም አንድ ዓይነት መሆናቸው ደግሞ ከቀለሙ እኩል ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻ ከተለየ ያ ሲሊንደር ችግር አለበት። በመንገድ ላይ ደግሞ ነዳጁን ግማሽ ድረስ ቀስ ብሎ ሲሰጡት መሃል ላይ የሚያመነታ ወይም የሚያስነጥስ ከሆነ ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው። "ትንሽ ማስተካከል ብቻ ነው የሚቀረው" የሚለውን ቃል ከሻጭ ስትሰሙ፣ ቀላል ቢሆን ኖሮ እሳቸው ራሳቸው አያስተካክሉትም ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሞተሪኖውን ሲጫኑት ወዲያው ተነሣ። ሰማያዊ ጭስ አልታየም፤ ሰማያዊ ቢሆን የሚቃጠለው ዘይት ነበር። የኤሌክትሪኩን ነገር ለማየት ባትሪው ላይ መለኪያ አድርገን ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ስናስነሣው 14 ቮልት አሳየ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ድረስ ጤና ነው። ከመቀመጫው ሥር ያለው ሽቦ ግን በፕላስተር የተጠቀለለና ቀለሙ የማይመሳሰል ነበር። ሽማግሌው ብረት እንጂ ሽቦ አይወዱም፤ እጃቸው እዚህ ላይ ደክሟል። ሌሊት ዝናብ ውስጥ መብራት የሚያጠፋ እንዲህ ያለ ሽቦ ነው፤ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት።

ወረቀቱ እንደ ብረቱ ይፈተሻል። እንግሊዝ አገር "ቪ5ሲ" የሚባለው የምዝገባ ሰነድ አለ። እንደ አገራችን ሊብሬ አድርገን ስለምናየው ብዙዎቻችን የባለቤትነት ማረጋገጫ ይመስለናል፤ ነገር ግን ሰነዱ የሚናገረው ተሽከርካሪው በማን ስም እንደተመዘገበ ብቻ ነው፣ የማን ንብረት እንደሆነ አይደለም። ስለዚህ ሻጩ ራሳቸው የገዙበት ደረሰኝ ይጠየቅ። በሰነዱ ላይ ያለው የሻሲ ቁጥር በመሪው አንገት ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፤ የስላብሳይድ 750 ቁጥር በ"ጂአር75ኤ" ይጀምራል። ሞተር ሲለወጥ የሞተሩ ቁጥርና ሲሲው ለምዝገባው ቢሮ መነገር አለበት። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ሰነዱ ላይ 749 ሲሲ፣ ሻሲው ላይ 1127 ሲሲ ሆኖ ይቀራል። የገባው ሞተር ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ከተሰረቀ ሞተር ሳይክል የወጣ ሊሆን ይችላል። የዓመታዊ ቴክኒክ ምርመራውን ታሪክ በታርጋ ቁጥር ብቻ መንግሥት በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል፤ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ወደ ኋላ ዘሎ እንደሆነ፣ አንድ ጉድለት በየዓመቱ እየተመለሰ እንደሆነ እዚያ ይታያል። ግን ምርመራውን ማለፉ ትሬሉ ትክክል ነው፣ ካርቡራተሩ ተስተካክሏል ማለት አይደለም፤ እነዚያን የሚለካ ምርመራ አይደለምና።

ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ኢንሹራንስ። እያንዳንዷ ለውጥ ለኢንሹራንሱ መነገር አለባት፤ ሞተር፣ ሹካ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ሁሉም። አንዱን ደብቆ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው አልከፍልም የማለት መንገድ ያገኛል። አንዳንዶቹ ይህን ያህል የተለወጠ ነገር ጭራሽ አይቀበሉም፤ ከገዙ በኋላ ማወቅ መራር ነው። የክላሲክና የተለወጡ ተሽከርካሪዎችን የሚያውቁ ኩባንያዎች ግን ፎቶና ደረሰኝ አይተው ዋጋውን አስቀድመው በስምምነት ይጽፋሉ፤ እንዲህ ላለው የሚያዋጣው ይኸኛው ውል ነው።

ዋጋው ላይ ወዳጄና ሽማግሌው ከመነጋገራቸው በፊት መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ሒሳብ ሠራን። መነሻችን ሻጩ ያወጡት ገንዘብ አልነበረም። ያልተነካ፣ በተመሳሳይ ይዞታ ያለ ስላብሳይድ ስንት ያወጣል? እንበል 7,000 ፓውንድ። ከዚያ ላይ ለደኅንነቱ ግዴታ የሚሠራው ይቀነሳል፦ የፍሬን ፓምፕ፣ አዲስ ሽቦ፣ ጎማዎቹም ስምንት ዓመት አልፏቸዋል። የጎማ ዕድሜ ጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ። እንበል 1,200። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ወደ ጥንቱ ለመመለስ የሚያስፈልገው ይቀነሳል። እዚህ ላይ ሁሉም በአንድ ጥያቄ ይወሰናል፦ የወጡት ዕቃዎች አሉ ወይ? የመጀመሪያዎቹ ቸርኬዎች፣ ሹካ፣ ካርቡራተሮች፣ ከሁሉም በላይ የመጀመሪያው ሞተር ካሉ ለውጡ የሚቀለበስ ነው፤ ሻሲው ካልተቆረጠ ገዢው ሁለት ሞተር ሳይክል የገዛ ያህል ነው። ከሌሉ ደግሞ ፈልጎ መግዛት ዛሬ ከባድ ወጪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጨርሶ የማያዋጣ።

ለማን እንደማይሆንም ለወዳጄ ነገርኩት። በየቀኑ ሥራ ለመሄድ አንድ ሞተር ሳይክል ብቻ ላለው ሰው እንዲህ ያለው አይሆንም፤ አንድ ነገር ሲሰበር ከየትኛው ሞዴል እንደመጣ መፈለግ ብቻ ሳምንት ይፈጃል። ቁልፍ ይዞ መጎንበስ ለማይወድም አይሆንም፤ ብዙ ጋራዦች ሌላ ሰው የቀላቀለውን ነገር ለመንካት አይፈልጉምና። እሱ ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ለሚጀምረው ሥራው የሚሄድበት አስተማማኝ ትንሽ ሆንዳ አለው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ብረት መፍታት ደስታው ነው።

ወደ ጋራዡ ተመልሰን ስለ ወጡት ዕቃዎች ጠየቅናቸው። ሽማግሌው ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው ሥር ሸራ ገለጡ። ሁለት ባለ 18 ኢንች ቸርኬ፣ የድሮው ሹካ፣ ካርቡራተሮቹ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ደግሞ ዘይት እንደተቀባ የተቀመጠው ባለ 749 ሲሲ ሞተር። "እነዚህን ለብቻ ልሸጣቸው ነበር" አሉ።

"ካልተለያዩ እገዛለሁ" አለ ወዳጄ፤ ያሰብነውንም ዋጋ ነገራቸው። ዝም ብለው ሞተር ሳይክሉን ትንሽ አዩት። ከዚያ ደብተሩን አንሥተው ከዕቃዎቹ ላይ አስቀመጡለት።

አሁን ቸርኬዎቹ የወዳጄ ቤት ኮሪደር ውስጥ ተደግፈው ቆመዋል። አዲሱ የፍሬን ፓምፕ ታዟል፤ ሽቦውን አብረን ፈትተን ግማሽ ደርሰናል። የሞተሩን መለወጥ ለምዝገባው ቢሮ ጽፎ ልኳል። ሱዙኪውን ገና አልነዳውም፤ የኢንሹራንሱን ወረቀት እየጠበቀ ነው።